ሦስት ሲካፈል ለግማሽ

ይህን የምጽፈው እናቴ እንዳታነበው እየጸለይኩ ነው። እናቴ ዳባት ላይ ላገኘችው ሰው ሁሉ «የእኔ ልጅ የማይፈታው ሒሳብ የለም» ስትል ኖራለች። ያ ልጇ ከሁለት ዓመት በፊት ደባርቅ ውስጥ፣ ሠላሳ አራት ተማሪዎች እያዩት፣ በስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ተይዞ ላብ እንዳጠመቀው አታውቅም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዕድሜዬ ሃያ አምስት፣ የማስተማር ልምዴ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነበር፤ ኩራቴ ግን ጡረታ ሊወጣ የደረሰ መምህር ያህል ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅኩት በማዕረግ ነው። ይህንንም ያልጠየቀኝ ሰው እንኳ ሳያውቅ ከአጠገቤ አይሄድም ነበር። አንዲት ግራጫ ኮት ነበረችኝ። የደባርቅ ብርድ ኮት ያስለብሳል፤ እኔ ግን የምለብሳት ለብርዱ ሳይሆን ለክብሬ ነው። ሰሌዳውን ከግራ ጥግ ጀምሬ እስከ ቀኝ ጥግ እሞላና፣ ወደ ተማሪዎቹ እንኳ ሳልዞር «ግልጽ ነው?» እላለሁ። «ግልጽ ነው!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። እኔም አምናቸው ነበር።

የዚያን ዓመት ትምህርት ቤታችን የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን በሒሳብ ፈተነ። ትምህርት ሲቋረጥ ሲጀመር በቆየባቸው ዓመታት እየዘለሉ የመጡ ልጆች ብዙ ስለነበሩ የት እንደደረሱ ለማወቅ ነው። ውጤቱ ሲታይ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ከሁሉም ዝቅ ያሉት ሠላሳ አራት ተማሪዎች ተለይተው ከሰዓት በኋላ የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲሰጣቸው ተወሰነ። ማን ያስተምራቸው ሲባል የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ አስፋው እኔን ጠቆሙ። «ሙሉቀን ገና ጉልበት አለው» አሉ። እኔ የሰማሁት «ሙሉቀን ጎበዝ ነው» ብለው ነበር።

ነገሩ የተፈጠረው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሰሌዳው ላይ «3 ÷ ½» ብዬ ጻፍኩና «ስንት ነው?» አልኩ። አብዛኛው «አንድ ከግማሽ» አለ። በትዕቢት ፈገግ ብዬ «ስድስት!» አልኳቸው። «ክፍልፋይ ስታካፍሉ ሁለተኛውን ትገለብጡና ታባዛላችሁ። ሦስት ሲባዛ በሁለት፣ ስድስት። ግልጽ ነው?»

«ግልጽ ነው!» አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ። ፎዚያ ናት። ሻሿን አጥብቃ የምታስር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ እስከዚያን ቀን አንድም ነገር ጠይቃ የማታውቅ ልጅ።

«ቲቸር፣ ለምንድን ነው የሚገለበጠው?»

«ሕጉ ነው።»

«እሺ። ግን ማካፈል ይቀንሳል ብለውን ነበር። ሦስት ነበረን፣ አካፈልነው፣ ስድስት ሆነ። እንዴት በዛ?»

ሠላሳ ሦስቱም ዞረው አዩኝ። እኔም እነሱን አየሁ። እውነቱን ልናገር፤ በወረቀት ላይ ከቁጥር ቁጥር እያወጣሁ ሕጉን ማረጋገጥ እችል ነበር፣ በዩኒቨርሲቲም ሠርቼዋለሁ። እሷ የጠየቀችው ግን ይህን አልነበረም። እንዴት በዛ ነው ያለችው። እኔ ደግሞ እንዴት እንደበዛ በሕይወቴ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ገልብጥ አሉኝ፤ ገለበጥኩ፤ ስገለብጥ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ስገለብጥ ተመረቅሁ።

ከኮሌታዬ ሥር ላብ ሲወርድ ተሰማኝ። አንዱ ተማሪ ሳቅ አፈነ። በእኔ ነው የሳቀው ብዬ ጦፍኩ።

«አንቺ መጀመሪያ የማባዛት ሠንጠረዥሽን አጥኚ!» አልኳት። «ለምን ለምን የሚለው ለሚችሉ ነው። ሒሳብ ለሁሉም ሰው አልተሰጠም። አሁን ውጪልኝ!»

ደብተሯን ዘጋች፤ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመችና በወንበሮቹ መካከል አለፈች። በሩ ጋ ስትደርስ «እሺ ቲቸር፣ ይቅርታ» ብላኝ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አርብ ጠዋት የመምህራን ማረፊያ ገብቼ ጋሽ አስፋውን አገኘሁ። እንደ ዋዛ አስመስዬ «ጋሼ፣ ክፍልፋይ ሲካፈል ለምን እንደሚገለበጥ ለልጆች እንዴት ነው የሚያስረዱት?» አልኳቸው።

ጋሽ አስፋው መነጽራቸውን አወለቁ። «የሚገለበጠው...» አሉና ቆሙ። «እንግዲህ፣ ድሮም ይገለበጣል።»

የፊዚክሱ መምህር ከጥግ ሆኖ «እኔን እንዳታየኝ፤ እኛ ሒሳቡን ተሠርቶ ነው ከእናንተ የምንረከበው» አለ።

ከሰዓት የማጠናከሪያ ክፍል ስገባ የፎዚያ ወንበር ባዶ ነበር። ሲያልቅ አብራት የምትቀመጠው ትዕግሥት ቀረበችኝና ወለሉን እያየች «ቲቸር፣ ፎዚያ ትምህርቷን ትታለች» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዛሪማ አክስቷ ጋ ልትሄድ ነው። ሱቅ ልትሠራ። ሒሳብ አልተሰጠሽም ስላሏት... ሳይሰጣት ለምን ጊዜዋን ታቃጥላለች?»

በንዴት የተናገርኩትን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወስዳዋለች። ሌላው ቀርቶ እኔ ራሴ እንዲህ ያህል የሚያምነኝ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ በማለዳ እነፎዚያ ቤት ሄድኩ። እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ደባርቅ ገበያ ልብስ ይሸጣሉ፤ ዕቃቸውን አስረው ሊወጡ ሲሉ ደረስኩ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ዕቃውን አውርደው ወንበር አቀረቡልኝ።

«ይቀመጡ መምህር። ምነው በሰላም?»

«እትዬ ዘይነባ፣ ስለ ፎዚያ ነው የመጣሁት።»

«ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ በመጀመሪያው መኪና ወረደች። እንግዲህ ምን ይደረጋል። እኔ ዶክተር ትሆናለች ብዬ ነበር። እርስዎ ደግሞ የተማሩ ሰው ነዎት፤ አይተው መዝነው ነው የነገሯት። አላህ ይስጥዎ፤ ዓመት ሙሉ ከሚያታልሏት በጊዜ መንገርዎ ደግ አደረጉ።»

ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩት ሰውዬ ምስጋና ተቀብዬ ቁጭ አልኩ። አፌን ከፍቼ «አልመዘንኩም፤ ጥያቄዋን መመለስ አቅቶኝ ነው ያባረርኳት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «ሄጄ አነጋግራታለሁ» ብቻ ብዬ፣ የአክስቷን ስምና ሥራ ጠይቄ ወጣሁ።

መናኸሪያ ደርሼ ወደ ዛሪማ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ ጥምጥማቸው የነጣ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል። የሊማሊሞን ቁልቁለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ወደ ገደሉ የሚሄድ ይመስልና ይታጠፋል፣ ገና ሳትረጋጉ ደግሞ ወደ ሌላው ይታጠፋል። እኔ ያደግኩት ሜዳ ላይ ነው። አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ሆዴ ተነሣ።

«ምን ሥራ ትሠራለህ ልጄ?» አሉኝ ቄሱ።

«መምህር ነኝ አባ። ሒሳብ።»

«እንግዲያስ መታጠፊያውን ቁጠር። ልብህን ወደ ቁጥሩ ካደረግኸው አያቅለሸልሽህም።»

ቆጠርኩ። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልነግራችሁም። አባ በጊዜ ፌስታል አቀበሉኝ፤ ግንባሬንም ደግፈው ያዙልኝ። ስረጋጋ ለምን እንደምወርድ ጠየቁኝ።

«አንዲት ተማሪ ልመልስ ነው።»

«ጠፍታ?»

«አይ። እኔ ነኝ ያስወጣኋት።»

«ምን አጥፍታ?»

«ጠየቀችኝ።»

«ስለጠየቀችህ ብቻ?» አሉ አባ። «ስለጠየቀችኝ ብቻ» አልኩ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ፌስታሉን ግን ይዘውልኝ ነበር።

ዛሪማ ስወርድ ሙቀቱ በጥፊ መታኝ። ኮቴን ማውለቅ ነበረብኝ፤ ችግሩ ሸሚዜ ከጀርባው ከትከሻ እስከ ወገብ ተተርትሯል። ኮት አለ ብዬ ሳላሰፋው ከርሜአለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በቀላል ልብስ በሚሄድበት ከተማ እኔ ግራጫ ኮቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ፣ ከንፈሬ ደርቆ፣ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂራ የሚባሉ ሴት እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ። አንዱ ባለሱቅ የጤና ባለሙያ መስየው ክትባት መጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሱቁ ከመንገዱ ዳር ነው። ፎዚያ ባንኮኒው ኋላ ቆማ የሜትር እንጨት ይዛ ጨርቅ ትለካለች። አክስቷ ወይዘሮ ሐጂራ መቀስ ይዘው አጠገቧ ቆመዋል። ሁለት ገበያተኞች ይጠብቃሉ። ፎዚያ ስታየኝ እንጨቱን አስቀመጠች።

«ቲቸር!»

በመንገድ ሳዘጋጅ የመጣሁት ንግግር ነበረኝ። ደረቴን ነፋሁና ጀመርኩ። «ፎዚያ፣ ትምህርት ማለት የአንድ አገር የወደፊት...»

«መጀመሪያ ውኃ ይጠጡ» አሉ ወይዘሮ ሐጂራ። «ፊትዎ እንደ አመድ ሆኗል። አገሩ የትም አይሄድም።»

ጠጣሁ። ገበያተኞቹ ፈገግ አሉ። ፎዚያ አልሳቀችም። ዓይኔን እያየች፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምጿ፣ «ቲቸር፣ ለምን እንደሚገለበጥ ሊነግሩኝ ነው የመጡት?» አለችኝ።

እነሆ አንባቢ፣ እዚህ ጋ መዋሸት ይቻል ነበር። «ወደ ክፍል ስትመለሺ እነግርሻለሁ» ማለት፣ ወይም የዩኒቨርሲቲውን ማረጋገጫ አፍስሼባት ግራ ማጋባት። ሁለቱም ምላሴ ላይ መጥተው ነበር። ወደ እሷ ሳይ ግን ከፊቷ ላይ የሚታየው ቂም አይደለም፤ በእውነት መልሱን ፈልጋ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስታስበው እንደቆየች ያስታውቃል።

«አላውቀውም» አልኩ።

«ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ ሐጂራ።

«አላውቀውም። ሐሙስም አላውቀውም ነበር። ስለማላውቀው ነው ያስወጣኋት።»

አንደኛው ገበያተኛ «መምህሩ አያውቅም?» ብሎ ጓደኛውን በክርኑ ነካው። ጆሮዬ ጋለ። ኮቱም ሙቀቱም ተደምሮ የምቀልጥ መሰለኝ። ፎዚያ ግን ፊቷ በራ።

«እኔ ግማሹን ደርሼበታለሁ!» አለች። «ጠዋት አክስቴ ሦስት ሜትር ጨርቅ በግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቁረጪ አለችኝ። ስቆርጥ ስድስት ሆነ። ቲቸር፣ እኛ ሦስትን ለሰው እያካፈልን አይደለም! በሦስት ውስጥ ስንት ግማሽ አለ ነው የሚለን። ከአንድ ሜትር ሁለት ግማሽ ይወጣል፤ ከሦስቱ ስድስት። ለዚህ ነው በሁለት የምናባዛው። ቁራጩ ሲያንስ ብዛቱ ይጨምራል።»

ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። ያን ያህል ዓመት ስገለብጠው የኖርኩት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

«ግን ቀጥሎ ያለው አልገባኝም» አለች። «ለሁለት ሦስተኛ ብናካፍልስ? በሦስት ማባዛቱ እሺ። ሁለቱ ለምን ወደ ታች ይወርዳል?»

እኔም አላውቅም ነበር። ይህን ጊዜ ግን አላፈርኩም፤ ማወቅ ፈለግኩ። «የሚቆረጥ ነገር አለ?» አልኩ። ወይዘሮ ሐጂራ ጨርቃቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡና የሲባጎ ጥቅል ወረወሩልኝ። አራትን ለሁለት ሦስተኛ ልናካፍል አራት ሜትር ለካን። እያንዳንዱን ሜትር ሦስት ቦታ መቁረጥ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁራጮች አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ ወጣ። ወይዘሮ ሐጂራ መቀሱን ቀሙኝ። «ለሒሳብ መምህር ይኼ ነውር ነው» ብለው ራሳቸው እኩል እኩል ቆረጡት።

አሥራ ሁለት ቁራጭ ሆነ። ፎዚያ ለጥቂት ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ሁለቱን አንሥታ አንድ ላይ አሰረች። ሌላ ሁለት አሰረች። ስድስት እስር ሆነ።

«በሦስት ያባዛነው ስለቆራረጥነው ነው» አለች በቀስታ። «ለሁለት ያካፈልነው ደግሞ እያንዳንዱ እስር ሁለት ሁለት ቁራጭ ስለሚወስድ። ቲቸር፣ አልተገለበጠም እኮ! ሁለት ሥራ ነው የሠራነው፤ መቁረጥና ማሰር።»

በማዕረግ ያስመረቀኝን ትምህርት አንዲት በማጠናከሪያ ክፍል የተመደበች ልጅ በሲባጎ አስተማረችኝ። ያ በክርኑ ሲነካካ የነበረው ገበያተኛ ሳይቀር ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ እስሮቹን ይቆጥር ነበር።

«ሰኞ ትመለሻለሽ?» አልኳት።

አክስቷን አየች። ወይዘሮ ሐጂራ «እኔ አልጠራሁሽም፤ እያለቀስሽ ነው የመጣሽው። ሱቁ ያው እዚህ ነው» አሉ።

«ቲቸር፣ እዚህ አላውቅም ያሉት አክስቴና ሁለት የማያውቁዎት ሰዎች ፊት ነው» አለች ፎዚያ። «እኔን ያስወጡኝ በክፍሉ ሁሉ ፊት ነው። ለእነሱም ይነግሯቸዋል?»

እስከ ዛሪማ ድረስ ወርጄ፣ ሆዴን ባዶ አድርጌ፣ በሙቀት ተቀቅዬ ይበቃል ብዬ ነበር። እንዳልበቃ ግን እኔም አውቀዋለሁ። «እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ሰኞ ከሰዓት ስድስቱን እስር ሲባጎ በኪሴ ይዤ ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት የፎዚያን ወንበር ነው። ባዶ ነው። ቀጥሎ ያየሁት የመጨረሻው ወንበር ላይ የምዘና ቅጽ ይዘው የተቀመጡትን ርዕሰ መምህራችንን ነው። የማጠናከሪያ ትምህርቱ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ሊያዩ መጥተዋል። ከሁሉም ቀን ይህን ቀን መርጠው።

ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። በሆዴ ያለው አስተዋይ ሰው «ልጅቷ አልመጣችም፤ ቃልህም አብሯት ቀርቷል። ዛሬ እኩልታ አስተምር» አለኝ። ዞሬ ሰሌዳው ላይ እኩልታ መጻፍ ጀምሬ እንደነበር አልደብቃችሁም። ትዕግሥት ዓይኗን ሳትነቅል ታየኝ ነበር። መጻፉን አቆምኩ፤ አጠፋሁት።

«ሐሙስ ዕለት ፎዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቃኝ አስወጥቻታለሁ» አልኩ። «ያስወጣኋት ስላጠፋች አይደለም። መልሱን አላውቀውም ነበር። ሒሳብ አልተሰጣትም ያልኩትም ውሸት ነው። መልሱን ያገኘችው እሷ ናት፤ እኔን ያስተማረችኝም እሷ ናት። እንዴት እንዳስተማረችኝ ላሳያችሁ።»

አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ሲባጎውን አወጣሁ። ያን ቀን «ግልጽ ነው?» አላልኩም፤ «ማን ሊያስረዳኝ ይችላል?» ነበር ያልኩት። ከዚያ ከሦስተኛው ረድፍ አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እኔ እስካሁን ግልጽ ነው ያልኩት ሁሉ ግልጽ አልነበረም» አለ። «እኔም!» አለች ሌላዋ። የቀረውን ጊዜ ያልገባቸውን ሲነግሩኝ ጨረስን፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የተጠራቀመ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ቅጹን ሞልተው ሰጡኝ። «የትምህርቱን ይዘት ማወቅ» ከሚለው ፊት ለፊት የተሞላልኝ ዝቅተኛው ነጥብ ነው። አስተያየት በሚለው ሥር «መምህሩ ቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል» ይላል። ቅጹን እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ፎዚያ ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ ጠዋት ስትመጣ የት እንደቆየች ጠየቅኳት።

«ትዕግሥት እስክትደውልልኝ እየጠበቅኩ ነበር» አለች። «መናገርዎን አለመናገርዎን።»

«ሰኞ ነው እኮ የተናገርኩት!»

«ኔትወርክ አልነበረም» ብላ ወደ ወንበሯ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። እናቷ ዘንድ ተመልሼ ሄጄ ያልነገርኳቸውን ነገርኳቸው። ወይዘሮ ዘይነባ ሰሙኝና ከእንግዲህ የምናገረውን ሁለት ጊዜ እንዳስብ መከሩኝ፤ ያን ዕለት ወንበር አላቀረቡልኝም። ፎዚያ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ታሪኩ እንዲያምር አንደኛ ትወጣለች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሒሳብ ውጤቷ መካከለኛ ነው። ግን ያልገባትን አልፋ አትሄድም፤ የሚያስተምሯት መምህራንም ይህን ስለሚያውቁ ተዘጋጅተው ነው የሚገቡት። ከሠላሳ አራቱ ሁሉም አልተሳካላቸውም፤ አራቱ በዚያው ዓመት አቋረጡ። ከእነሱ መካከል «ግልጽ ነው» እያሉኝ የሄዱ እንዳሉ ሳስብ ይከነክነኛል።

እኔ አሁንም ማጠናከሪያ አስተምራለሁ፤ አሁን ግን ለምኜ ነው። እናንተም መምህር፣ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም ከሆናችሁና አንድ ልጅ «ለምን?» ብሎ ቢያስጨንቃችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ራሳችሁን ፈትሹ፤ የተቆጣችሁት በልጁ ነው ወይስ ባለማወቃችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?» አለኝ። «አላውቅም፤ እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ በደብተሩ ላይ «ሐሙስ» ብሎ ጻፈ። ሐሙስ ነገ ነው። ጋሽ አስፋውን ጠይቄያቸው «ድሮም ይሆናል» ብለውኛል። ከእናንተ የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ፣ ከሰዓት በፊት ንገሩኝ።